አውራ ጣት በገጹ ጥግ

ታሪኬን ከዛሬ የምትጀምሩ ካላችሁ አትደንግጡ፤ ያመለጣችሁ ብዙ አይደለም። አንዲት ሴት የአንድ ሰው አውራ ጣት ወደደች፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ሴትየዋ እኔ ነኝ። "ደግሞ ጣት ይወደዳል?" የሚል ካለ ወደ ስፖርቱ ገጽ ይለፍ፤ አልቀየመውም።

የምሠራው በትልቁ ቤተ መጻሕፍት፣ በውሰት ክፍል ውስጥ ነው። አንባቢ የፈለገው መጽሐፍ እኛ ዘንድ ከሌለ፣ የትኛው ቤተ መጻሕፍት እንዳለው ፈልገን በኮምፒውተር እንጠይቃለን። መጽሐፉ መንገድ የሚችል ከሆነ በፖስታ ይመጣል። ያረጀ ከሆነ ወይም አንባቢው አንድ ምዕራፍ ብቻ ከፈለገ፣ እዚያ ያለው ሠራተኛ ገጾቹን ስካን አድርጎ ይልክልናል፤ እኛም ለአንባቢው እናስረክባለን። እማዬ ሰው ሲጠይቃት "ልጄ መጽሐፍ ታዋሳለች" ትላለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ትንሽ እፍረት አለ። የዳኛ ልጅ ከዚህ የተሻለ ነገር ትሆናለች ተብሎ ይጠበቅ ነበር።

አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ተጉዞ ከሚደርስበት ሩቅ ከተማ፣ ከአንድ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት በሚመጡልን ገጾች ላይ ሁልጊዜ አንድ ነገር አይጠፋም ነበር። ከታች በቀኝ በኩል፣ ጥጉ ላይ፣ አውራ ጣት። ሰፊ፣ ጥፍሩ በአጭሩ የተቆረጠ፣ መገጣጠሚያው ላይ ነጭ ጠባሳ ያለበት። በደንባችን የሠራተኛ ጣት ገጽ ላይ መታየት የለበትም። ስለዚህ ከመጠየቂያው ሥር ባለችው የማስታወሻ ሣጥን ውስጥ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "እባክዎ ጣትዎን ያንሱልን፤ አንባቢ ቅሬታ አቅርቧል።" ቅሬታ ያቀረበ አንባቢ አልነበረም። የጣቱን ባለቤት ልተዋወቀው ፈልጌ ነው፤ ምን ይጠበስ!

መልሱ በማግስቱ መጣ። "መጽሐፉ አርጅቷል፤ ካልያዝኩት ይዘጋብኛል። አንባቢው ጣቴን ከጠላው ዘሎት ያንብብ።"

ከዚያ ወዲያማ ጉድ ፈላ። የማስታወሻዋ ሣጥን ከጥቂት መስመር በላይ አትይዝም፤ በጥቂት መስመር ስንት ነገር እንደሚባል የማያውቅ ግን ፍቅር ይዞት አያውቅም። እሱ ስለሚሠራበት ምድር ቤት ቅዝቃዜ ጻፈልኝ፤ ስካነሩ ገና ሳይሞቅ ስለሚያሰማው ጩኸት ጻፈልኝ፤ ስለ እናቱ፣ ሳቃቸው ከሦስት ቤት ወዲያ እንደሚሰማ ጻፈልኝ። እኔን "አንባቢዋ" ይለኝ ጀመር። እኔም "አውራ ጣት" አልኩት፤ እስከ ዛሬም ስሙ እኔ ዘንድ ይኸው ነው።

አንድ ቀን ራሱ መጣ። አንድ ተመራማሪ ትልቁን የወንዞች ካርታ መጽሐፍ ፈልጎ ነበር፤ ያለው እነሱ ዘንድ ብቻ ነው፤ ፖስታ ቤቱ ደግሞ ስፋቱን አይቶ አልቀበልም አለ። አውራ ጣት ጉልበቱ ላይ ይዞት በአውቶቡስ አመጣው። ዕቃ በሚገባበት በኋለኛው በር ቆሜ ተቀበልኩት። አፉን ከፈተና "ጤ..." አለ። ቀሪው አልወጣም አለው። ፊቱ ቀላ፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ። በጽሑፍ እንዲያ የሚቀልደው ሰውዬ ይንተባተባል። ዓይን ዓይኑን እያየሁ ዝም ብዬ ጠበቅሁት።

"ጤ... ጤና ይስጥልኝ" አለ በመጨረሻ።

"አብሮ ይስጥልኝ" አልኩት።

የመመለሻው አውቶቡስ እስኪነሳ ድረስ ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ሊሄድ ሲነሳ ወደ መሬት እያየ፣ "ሰ... ሰው ሁሉ ቃሌን ይጨርስልኛል" አለ። "አንቺ አልጨረስሽልኝም።" አንጀቴን በላው ብል ውሸት ነው፤ አላዘንኩለትም። ወደድኩት።

ወሬ እግር የለውም፣ ግን ይሮጣል። ደረጃው ላይ ያየን ሰው ለአባዬ ነገራቸው። አባዬ ከዳኝነት ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ አጠያየቃቸው ግን ጡረታ አልወጣም።

"አባቱ ምን ይሠራል?"

"በሕይወት የሉም።"

"እናቱስ?"

"የሆስፒታል አንሶላ ያጥባሉ።"

"እሱ ራሱ?"

"ስካን ያደርጋል፤ ያወቅሁትም ገጽ ላይ በታየ ጣቱ ነው።"

"ሌላስ?"

"ሌላማ፣ ይንተባተባል" አልኩ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

እማዬ ደረቷን ደቃች። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ኮምፒውተር ውስጥ የተገኘ ሰው! ለዚህ ነው ያስተማርንሽ?"

አባዬ ግን አልጮኹም፤ አባዬ ጮኸው አያውቁም። "በስልክ እንዳታነጋግሪው፤ በስልክም እንዳትጽፊለት። ማይልኝ" አሉ። "አባቴ ይሙት" አልኩ። ስልክ ነው ያሉት፤ ስለ መጽሐፍ መጠየቂያ ያነሱት ነገር የለም። ዳኛ ያሳደገኝ ልጅ ነኝ፤ ያልተከለከለ ነገር የተፈቀደ ነው። ስለዚህ ማታ ማታ አንገቴን ደፍቼ እገባለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ቢሮዬ ገብቼ የማስታወሻዋን ሣጥን እከፍታለሁ። እንደዚያ ዘመን ሥራዬን ወድጄው አላውቅም።

* * *

በዚህ ሳምንት ሰኞ ዕለት እማዬ የሳሎኑን መጋረጃዎች አውርዳ ማጠብ ጀመረች። በእኛ ቤት መጋረጃ ያለ ምክንያት አይወርድም።

"ምን ተገኘ?" አልኳት።

"ቅዳሜ ከሰዓት የኢንጂነሩ ቤተሰቦች ይመጣሉ" አለች፣ ዞር ሳትል።

ኢንጂነሩ የአባዬ የድሮ ጓደኛ ልጅ ነው። ባለ መኪና፣ ባለ ቤት፣ ጥርሱ ያማረ። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለኝ።

"ለምን ይመጣሉ?"

"ለምን ይመጣሉ ትለኛለች እንዴ! አንቺን ሊጠይቁ ነዋ!"

"እማዬ፣ አልፈልግም ብያለሁ እኮ።"

"ያንቺ ዕድሜ አልፈልግም የሚባልበት አይደለም፤ ቆመሽ መቅረትሽ ነው!" አለችና መጋረጃውን እንደ ጠላት ጨመቀችው። ነገራችን ሁሉ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ ትቻት ገባሁ። ብቻዬን እምቢ ማለት እችላለሁ፤ ስል ኖሬያለሁ። ለአንድ ቀን እንኳ "እምቢ" ስል አጠገቤ የሚቆም ሰው አማረኝ።

በማግስቱ ቢሮ ገባሁና ያንን የወንዞች መጽሐፍ ጠየቅሁ። ለእኔና ለእሱ ትርጉም ያለው መጽሐፍ ነው፤ መጠየቂያውን ሲያይ ገና ርዕሱ ላይ ፈገግ ይላል ብዬ። በማስታወሻዋ ሣጥን ውስጥ፣ አንዲት ፊደል ሳላባክን፣ ይህንን አስገባሁ፦ "ቅዳሜ ከሰዓት እኔን ሊጠይቁ ሰዎች ቤታችን ይመጣሉ። ብትመጣም ብትቀርም እምቢ እላቸዋለሁ። ትመጣለህ?"

ላክሁት። እጄን ከኮምፒውተሩ መዳፊት ላይ ሳላነሳ መልስ መጣ።

"ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም።"

ይኸው ነው። ማስታወሻ የለም። ቀልድ የለም። "አንባቢዋ" የለም። ዓይኔ ቃሉ ላይ ቀረ። ለመጻፍ ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩበትን ነገር፣ ሰውዬው ጉሮሮውን ለማጥራት እንኳ ጊዜ ሳይወስድ መለሰልኝ። ደግሞ "ጥያቄዎ"! ከዚያ ሁሉ በኋላ እርስዎ ተባልኩ!

ልደውልለት ስልኬን አወጣሁ፤ አባዬን "አባቴ ይሙት" ያልኳቸው ትዝ አለኝና መለስኩት። ብደውልስ ምን እለዋለሁ? "ለምን አልፈለግኸኝም?" ልለው? ምን ሲደረግ! መጸዳጃ ቤት ገባሁ፣ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ወጥቼ ለአንድ ተማሪ ስለ ድልድይ አሠራር መጽሐፍ ፈለግሁለት። ድልድይ የሚለውን ቃል ባየሁ ቁጥር ይበልጥ ተናደድኩ።

* * *

የክፍላችን ኃላፊ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። "ጸጥታ" እንላቸዋለን፤ ስማቸውን ያገኙት ሌላውን ጸጥ በማሰኘት እንጂ ራሳቸው ጸጥ ብለው አይደለም። ዓርብ ጠዋት እያጉረመረሙ ገቡ።

"ይኼ አዲስ ሲስተም ያሳብደኛል! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏችኋል እንዲህ ነው!"

"ምን አደረገ ደግሞ?" አልኩ ለወጉ ያህል፤ እኔ የሲስተም ነገር የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም።

"ከሰኞ ጀምሮ እምቢታ በእምቢታ ሆነናል። 'እዚያው ይነበባል፣ አይወጣም' የሚል ምልክት ያለበትን መጽሐፍ ከጠየቅሽ ማሽኑ ራሱ ነው የሚመልስልሽ። ሰው እጅ አይደርስም፤ ሰው አያየውም! ሰው ቢያየውማ 'መጽሐፉ አይወጣም፣ ምዕራፉን ስካን ላድርግልዎ' ይለን ነበር። ከእነሱ ወደ እኛ ደግሞ ማስታወሻ አያሳልፍም። በስብሰባው ላይ ተናግሬ ነበር፤ ማን ሰማኝ?"

እጄ ላይ የነበረው መጽሐፍ ወደቀ። በስብሰባው ላይ እኔም ነበርኩ፤ በአካል ብቻ፣ ልቤ ሌላ ቦታ።

"እሜቴ" አልኳቸው፣ "ያ ትልቁ የወንዞች መጽሐፍ... ምልክት አለበት?"

"እንዴት አይኖርበትም! ያን ጊዜ በአውቶቡስ መጥቶ ሲመለስ ጀርባው ተላቅቆ ነው የገባው። ከዚያ ወዲህ ከግቢያቸው አይወጣም።" መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። "ምነው ገረጣሽ?"

አልገረጣሁም፤ እየነደድኩ ነበር። በአንድ ቆርቆሮ እምቢታ ሳምንቱን ሙሉ አልቅሻለሁ! የፍቅር ጥያቄዬን አንብቦ ያልተቀበለው ሰው የለም፤ ያነበበው ሰውም የለም። ይህን ስህተት እኛ የውሰት ሠራተኞች ካልሆንን ማን ይሳሳተዋል? ሌላ ሴት በደብዳቤ ትጠይቃለች፣ በጓደኛ ታስጠይቃለች፤ እኔ ጀርባው በተላቀቀ መጽሐፍ ላይ ልቤን ጭኜ ላክሁት።

ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ። ማሽን የማይመልሰው፣ የሰው እጅ የግድ መግለጥ ያለበት ነገር ፈለግሁ። ስለ ጉድጓድ ውሃ አጠባበቅ የሚያወራ፣ ማንም ጠይቆት የማያውቅ ቀጭን መጽሐፍ አገኘሁ። አንድ ገጽ ብቻ፣ የመጀመሪያውን፣ ስካን ተደርጎ ይላክልኝ አልኩ። ማስታወሻዬንም አስገባሁ፦ "ማክሰኞ እምቢ ያለኝ ማሽን ነው፤ አንተ አላየኸውም። ነገ ከሰዓት እኔን ሊጠይቁ ሰዎች ይመጣሉ። ብትመጣም ብትቀርም እምቢ እላቸዋለሁ። ብትመጣ ግን ደስ ይለኛል። ከመድኃኒት ቤቱ ጎን፣ አረንጓዴው በር።"

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት እንዴት እንደሄደ አልነግራችሁም፤ አልሄደማ። ከምሳ በኋላ ፋይሉ መጣ። ተጣድፌ ከፈትኩት።

ንጹሕ ገጽ። ቀጥ ያለ፣ ዳር ዳሩ እኩል የተቆረጠ። ወደ ታች ወረድኩ፣ ወደ ቀኝ ሄድኩ። ጥጉ ላይ ማንም የለም።

ጸጥታ በትከሻዬ ላይ ዘንበል ብለው አዩት። "እሰይ!" አሉ፣ ከልባቸው ደስ ብሏቸው። "ያ ሰውዬ በመጨረሻ ጣቱን አነሳ! ስንት ዘመን ስንለምነው!"

"አዎ" አልኩ። "አነሳ።"

መስኮቱ ጋ ሄጄ ቆምኩ። ከታች ሰው ወዲያ ወዲህ ይላል፣ መኪና ጥሩምባ ይነፋል፣ ዓለም ሥራዋን ይዛለች። እኔ የማላውቀው ነገር አሁን የለም፤ ጥያቄዬን በዓይኑ አይቷል፣ መልሱም ይኸው ነው። ያመመኝ እምቢታው አይደለም። ከዚያ ሁሉ ገጽ በኋላ ያለ ጣቱ ያየሁት ገጽ ባዶ ቤት ሆነብኝ።

* * *

ቅዳሜ ከሰዓት መጋረጃዎቹ ተሰቅለዋል፣ ወለሉ ያበራል፣ እማዬ አዲሱን ሹራቧን ለብሳለች። የኢንጂነሩ እናትና አባት ሶፋው ላይ፣ ኢንጂነሩ መሃላቸው። አባዬ በጥጉ ወንበር፣ ቀጥ ብለው። እኔ ከእማዬ አጠገብ ተቀመጥኩ። ያጌጥኩት ነገር የለም፤ የሥራ ልብሴን ለብሼ ስወጣ እማዬ በዓይኗ ልትገድለኝ ደርሳ ነበር።

እናትየዋ ንግግር ያውቁበታል። ልጃቸው ምን ያህል ጨዋ እንደሆነ፣ ቤቱ ስንት ክፍል እንዳለው፣ ከሥራ ቀጥታ ወደ ቤቱ እንደሚገባ አወሩ። ልጃቸው ራሱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ምላሱ ደህና ነው፣ ተራ አላገኘም እንጂ። "ሁለቱም የተማሩ፣ ሁለቱም ከደህና ቤተሰብ" ሲሉ እማዬ ራሷን እየነቀነቀች ተቀበለች። ከዚያ ሁሉም ወደ አባዬ ዞሩ፤ አባዬም ጉሮሯቸውን አጸዱ።

እኔ ቀደምኳቸው። ተነሳሁ።

"አባዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እናንተም እንደዚሁ፤ ለክብራችሁ ነው አሁን የምናገረው፣ ሌላ ቀን ድጋሚ እንዳትለፉ። አልፈልግም።"

"ተቀመጪ!" አለች እማዬ በሹክሹክታ፣ ቀሚሴን እየጎተተች።

"አልቀመጥም። ልጃችሁ ክፉ አይደለም፤ እኔ ግን አላገባውም። ዛሬም፣ ወደፊትም።"

አባዬ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ዝቅ ሲያደርጉት ነው የሚያስፈሩት።

"ለዚያ ለተንተባታቢው ብለሽ ነው?"

እዚህ ላይ እንባዬ መጣ፤ እንዲወርድ ግን አልፈቀድኩለትም።

"አይደለም አባዬ። እሱ እኔን አልፈለገኝም። ጠይቄው አልመጣም፤ አይመጣምም። እንግዲህ ለእሱ ብዬ ነው የምትሉት ሰበብ የለም፤ ለራሴ ብዬ ነው። የምወደው ሰው ስላልወደደኝ የማልወደውን ማግባት አለብኝ የሚል ሕግ ካለ ያንብቡልኝ። እርስዎ ሕግ ያውቃሉ።"

ቆሜያለሁ። በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት ብቸኛ ሆኜ አላውቅም፤ እንደዚያች ቅጽበት የራሴ ሆኜም አላውቅም።

የውጭው በር ተንኳኳ።

እማዬ ከጉድ የሚያወጣት ሰው የመጣ ይመስል ሮጣ ሄደች። በተከፈተው የሳሎን በር አሻግሬ ግቢውን አየሁት። አንድ ሰው ቆሟል። ከጫማው እስከ ፀጉሩ አቧራ ለብሷል፤ ሸሚዙ ላይ የሲሚንቶ ዱቄት አለ።

"እ... እንደምን ዋላችሁ" አለ። "እኔ የ... የ..."

"የውሃ ቆጣሪ?" አለች እማዬ። "ቅዳሜም ትመጣላችሁ እንዴ?"

"የ... የ..."

"የመብራት?"

ከመቼው በሩ ጋ እንደ ደረስኩ አላውቅም። አየኝ። ዓይኑ ስር ጠቁሯል፣ ከንፈሩ በንፋስ ደርቋል፤ እኔን ሲያይ ግን ያ ድካም ሁሉ ከፊቱ ላይ ወረደ። እኔና እሱ መሃል እማዬ ቆማ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች።

"ገጹ ላይ ጣትህ አልነበረም" አልኩት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

"ባ... ባልደረባዬ ነው ገጹን ስካን ያደረገው። እኔ ማ... ማስታወሻሽን ሳነብ ተነሳሁ። አውቶቡስ ሄዷል። የ... የሲሚንቶ መኪና አገኘሁ።"

ጣቱን ያነሳው ከእኔ ላይ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ወደ እኔ ሊመጣ ነው ከስካነሩ መስታወት ላይ ያነሳው። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ነገር ከደረቴ ወጣ።

"ይግባ" አሉ አባዬ ከውስጥ።

ገባ። ያበራው ወለል ላይ አቧራማ ጫማው ዱካ ተወ፤ እማዬ ዱካውን እያየች ከንፈሯን ነከሰች። እንግዶቹ ፊት፣ መሃል ሳሎን ቆመ። አባዬ ከእግሩ ጀምረው ወደ ላይ አዩት።

"ማን ጠራህ?"

"እ... እሷ።"

አባዬ ወደ እኔ ዞሩ። "በስልክ?"

"በስልክ አይደለም አባዬ። ምዬልዎታለሁ እኮ።"

"ታዲያ በምን?"

"በመጽሐፍ መጠየቂያ። ስለ ጉድጓድ ውሃ አጠባበቅ።"

ኢንጂነሩ ሳቁ አመለጠው። በዚያ ቀን ከእሱ የሰማሁት የመጀመሪያ ድምፅ ነው፤ ደስ የሚል ሳቅ ነበር። እናቱ በክርናቸው ጎሸሙት።

"እህ" አሉ አባዬ። "ልጄን ልትጠይቀኝ ነው የመጣኸው?"

"አ... አይደለም።"

እማዬ "ምን?!" አለች።

"ጥ... ጥያቄ ያቀረበችው እሷ ናት።" የአንገቱ ሥር ተገተረ፤ እጁን ጨበጠ። "እኔ ለ... ለመ..."

ቃሉ አልወጣ አለ። ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ይቆጥራል። የኢንጂነሩ እናት ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው ሰቀሉ፣ እማዬ ትዕግሥቷ አልቆ አፏን ከፈተች። "ለመለመን? ለመ..."

አባዬ እጃቸውን አነሱ።

"ተይው" አሉ። "ይጨርስ።"

ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን ችሎት ወስደውኝ ሰምቼዋለሁ፤ ጠበቆች ምስክር ሲያቋርጡ ነበር የሚሉት። አባዬ ወንበራቸው ላይ ደገፍ አሉና ጠበቁት። ሁሉም ጠበቀው። እኔም እንደ መጀመሪያው ቀን ዓይን ዓይኑን እያየሁ ጠበቅሁት።

"ለመ... ለመመለስ ነው የመጣሁት። መልሴ አ... አዎ ነው። እሷ እ... እምቢ ስትል አጠገቧ እቆማለሁ። ከእርስዎ የምጠይቀው ነገር የ... የለም። እሷ የእ... የእርስዎ ንብረት አይደለችማ፣ በውሰት የምትሰጥ።"

በዚህ ቤት ውስጥ ለአባዬ እንዲህ ብሎ የተናገረ ሰው የለም፤ በአንድ ትንፋሽ የሚናገሩትም ሳይቀሩ።

አባዬ ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ። "እኔ አልፈቀድኩም" አሉ።

"አልጠየቅንዎትም አባዬ" አልኩ። "አከብርዎታለሁ፤ እወድዎታለሁ። ግን አልጠየቅንዎትም።"

ወደ እንግዶቹ ዞሬ ራሴን ዝቅ አድርጌ ይቅርታ ጠየቅሁ። ኢንጂነሩ ብድግ ብሎ እጄን ጨበጠኝ፤ ከእናቱ አስቀድሞ። ከዚያ የአውራ ጣትን ክንድ ይዤ፣ በእማዬ መጋረጃዎች መሃል፣ በራሴ እግር ወጣሁ።

በሩን ስገፋ አባዬ ከኋላዬ ተናገሩ። "ስልክ ብቻ ነበር ያልኩት?"

"ስልክ ብቻ ነበር አባዬ።"

"እህ" አሉ እንደገና። ቁጣ ነው ስል ሌላ ነገር፣ ሌላ ነገር ነው ስል ቁጣ ሆነብኝ። ይህን ስጽፍም ገና አልለየሁትም።

* * *

አረንጓዴው በር ውጭ፣ በመድኃኒት ቤቱ ጥላ ሥር ቆምን። የት እንደምንሄድ አላሰብንበትም። እሱ ሰኞ ሥራው ይጠብቀዋል፣ ካላባረሩት። እኔም ማታ የምገባበትን ቤት አላውቅም።

በሩ ተከፈተ። እማዬ ናት። ዓይኗ ቀልቷል፣ ፊቷ እንደ ተኮሳተረ ነው። በእጇ ትልቅ የመስታወት ብርጭቆ ሞልታ ውሃ ይዛለች።

"ሌሊቱን ሙሉ በሲሚንቶ ላይ ተጉዞ!" አለች እኔን እየገላመጠች፣ ጥፋቱ የእኔ ይመስል። "ሰው ውሃ እንኳ ሳይሰጠው ይወጣል? እኔ ቆሜ? እንካ፣ ያዝ!"

"እ... እግዜር ይስጥልኝ" አለና በሁለት እጁ ተቀበላት። እማዬ ቃሉ እስኪያልቅ ጠበቀች። ሳታስበው ነው የጠበቀችው፤ እኔ ግን አየሁ።

ብርጭቆውን ወደ አፉ ሲያነሳ አውራ ጣቱ መስታወቱ ላይ ተለጠፈ፣ በውሃው ውስጥ ጎልቶ፤ ሰፊ፣ ጥፍሩ በአጭሩ የተቆረጠ፣ መገጣጠሚያው ላይ ነጭ ጠባሳ። በስንት ገጽ ጥግ የማውቀው።

እማዬ ዓይኔ የት እንዳረፈ አየች። አየችው፣ ጠጋ ብላም አየችው።

"ይኼ ነው ያ ጣት?" አለች።

"ይኼ ነው።"

"ወይ ጉድ!" አለች። "ምኑ ነው እስቲ አሁን እንዲህ የሚያሳብደው?"

አውራ ጣት ውሃውን ጨርሶ ብርጭቆውን መለሰላት። ከዚያ ጣቱን ወደ እኔ አነሳ፣ እየሳቀ፣ ከመንገዱ ይልቅ ይህቺን ቃል ለማውጣት እየታገለ።

"ቅ... ቅ... ቅሬታ አለ?"

ያኔ ነው ያ ሳሎን ውስጥ የከለከልኩት እንባ ሁሉ የወረደው። በሰፈሩ ሁሉ ፊት፣ በቀን ብርሃን፣ ያንን ጣት በሙሉ እጄ ጨበጥኩት።

"የለም" አልኩት። "አንባቢዋ ቅሬታ የላትም።"